የጭቃ መከላከያው ላይ ያለው ስም

ኮምቦልቻ መውጫ ላይ ካለ የከባድ መኪና መሸጫ ግቢ ውስጥ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ግድም፤ ዕድሜውን የሰው መኪና ሲነዳ የኖረው አቶ ደምሰው እና ከኩዌት ከተመለሰች ሦስተኛ ሳምንቷን የያዘችው ልጁ የሺመቤት፣ ሻጩ ውል ሊያመጣ ቢሮው በገባበት፣ አንዲት አዲስ ነጭ መኪና ፊት ቆመዋል።

የሺመቤት፦ አባዬ፣ እኔ አልፈርምም አላልኩም። አንተ አትፈርም ነው ያልኩህ።

ደምሰው፦ ያው ነው።

የሺመቤት፦ ያው አይደለም። እኔማ የምፈርመው ምን አለኝ? ገንዘቡ ባንክ የተቀመጠው በአንተ ስም፣ ውሉም የሚጻፈው በአንተ ስም። ሰባት ዓመት የሰው ወለል ወልውዬ የላክሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ግን ዳር ቆሜ ለስላሳ እጠጣለሁ።

ደምሰው፦ ቀስ በይ፣ ሰውዬው ይሰማል።

የሺመቤት፦ ይስማ! ሌላ የሚሰማው ደንበኛ የለውም። ገና ከበሩ ስንገባ ሸሚዙን እየከተተ ነው የሮጠው።

ደምሰው፦ ትሑት ሰው ነው። እንግዳ ያከብራል።

የሺመቤት፦ ያከብራል እንጂ! የዓመት ኢንሹራንስ በነጻ፣ ሁለት ትርፍ ጎማ በነጻ፣ ዋጋውንም ባለፈው ሳምንት ከነገረህ ቀነሰልህ። አሁን እዚሁ ቆመን ደግሞ ቀነሰ፤ እኔ ገና አፌን ሳልከፍት! ሰው ዕቃውን እንዲህ የሚገፋው መቼ ነው?

ደምሰው፦ ገበያ ሲቀዘቅዝ ነዋ። እኔስ ምን አልኩሽ? የሚገዛው አሁን ነው። ሰው ሁሉ ሲሻማባትማ እኛ በየት በኩል እንጠጋት ነበር?

የሺመቤት፦ ለምን እንደቀዘቀዘስ ጠይቀሃል?

ደምሰው፦ ገበያ ነው። ይቀዘቅዛል፣ መልሶ ይሞቃል።

የሺመቤት፦ እኔ ጠይቄያለሁ። ትናንት ጭነት የሚጠበቅበት ሜዳ ድረስ ሄጄ ነበር።

ደምሰው፦ አንቺ? ሾፌር መሀል ምን ልትሠሪ?

የሺመቤት፦ ኩዌት ብቻዬን ስሄድ ያልፈራህልኝ፣ የገዛ ጓደኞችህ መሀል ስገባ ትፈራልኛለህ? አባዬ፣ ሜዳው ጢም ብሏል። አንዱ አሥራ ስምንት ቀን ተራ ሲጠብቅ ነው የቆየው። ልብሱን አጥቦ ከመኪና መኪና ገመድ ወጥሮ አስጥቷል። ሌላው ከሰኔ ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም፤ ጎማው ሥር ቲማቲም ተክሏል። ሲነግሩኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሄጄ አየሁት፤ አብቧል።

ደምሰው፦ እነሱ ሥራ አያውቁም። ተራ ይጠብቃሉ። እኔ ተራ ጠብቄ አላውቅም፤ ስልክ እየተደወለልኝ ነው የኖርኩት። ደምሰው ካልጫነው ዕቃዬ አይንቀሳቀስም የሚል ነጋዴ ስንት ነበር መሰለሽ።

የሺመቤት፦ ጥሩ። ለአንዱ እንደውልለት። አሁን፣ እዚሁ።

ደምሰው፦ ስልኬ ቻርጅ የለውም።

የሺመቤት፦ ጠዋት እኔ ነኝ ቻርጅ አድርጌ የሰጠሁህ።

ደምሰው፦ አንቺ ደግሞ! ሰው እኮ እንዲህ በመንገድ ላይ ተደውሎለት ጭነት አይጠየቅም። ወግ አለው። ይልቅ ነይ፣ እጅሽን እዚህ ላይ አድርጊ። ዳስሺያት። ይኸውልሽ፣ አንድ ጭረት የላትም። በሩን ስትዘጊው ድምፁን ሰምተሻል? ድም! ነው የሚለው። ስነዳት የኖርኩት የሐጂ ሰዒድ መኪና በር እኮ በሽቦ ነበር የሚታሰረው።

የሺመቤት፦ አባዬ፣ አትቆጣና አንድ ነገር ልንገርህ።

ደምሰው፦ ከገባን ጀምሮ እየነገርሽኝ አይደል?

የሺመቤት፦ ይህን አልነገርኩህም። እዚያ የምተኛበት ክፍል በሩ ከውስጥ አይቆለፍም ነበር። ሰባት ዓመት። ወንበር እያስደገፍኩ ነው የተኛሁት። ገንዘቡን ስልክ ግን አንድ ነገር ብቻ እያሰብኩ ነበር፦ ሁለት ክፍል፣ ከፊት ለፊቱ ዳቦ መሸጫ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር። ይቺ መኪና ገብታ ሁለት ወር ከቆመች፣ እኔ ተመልሼ እሄዳለሁ። ማዳም እስካሁን ትደውላለች። ሌላ መውጫ የለኝም፤ እወቀው።

ደምሰው፦ …ወንበር እያስደገፍሽ?

የሺመቤት፦ ተወው። አልፏል።

ደምሰው፦ አንጀቴን አትቁረጪው የሺ። ለእናትሽ ነግረሻታል?

የሺመቤት፦ ለማንም አልነገርኩም። ላንተም የነገርኩህ እንዳትፈርም ነው።

ደምሰው፦ ከእንግዲህ የትም አትሄጂም። የትም! እኔ ሠርቼ ነው የማበላሽ። ይቺን የምገዛት እኮ ለማን መሰለሽ? ተመልከቺ፤ እስኪ ያን ማዳበሪያ ፍቺው። ስንፈርም ላሳይሽ ነበር ያሰብኩት፤ ግድ የለም፣ አሁን እይው።

የሺመቤት፦ ምንድን ነው ይሄ? ከቤት ጀምሮ ታቅፈኸዋል።

ደምሰው፦ የጭቃ መከላከያ ላስቲክ ነው። ከኋላ ጎማዋ ጀርባ የሚንጠለጠለው።

የሺመቤት፦ መኪናው ሳይገዛ?

ደምሰው፦ በጉም ተገዝቷል። እናትሽ ደጃፉ ላይ አስራ ትጠብቃለች። ጎማዋ ፊት ደሙ ሳይፈስማ አስፋልት አትወጣም። ፍቺው በያ!

የሺመቤት፦ እሺ… ፈታሁት።

ደምሰው፦ እ? ምን አልሽ? ቀይ በቢጫ ነው ያስጻፍኩት፣ ከሩቅ እንዲታይ። ጅቡቲ ወደብ ድረስ ስምሽ ከኋላዬ ሲሄድ ይታይሽ! የሺመቤት! ከበስተኋላ የሚመጣ ሁሉ ያነበዋል።

የሺመቤት፦ አባዬ…

ደምሰው፦ ምነው? አታልቅሺ እንጂ። ደስ አላለሽም?

የሺመቤት፦ አንብብልኝ።

ደምሰው፦ ምኑን?

የሺመቤት፦ የተጻፈውን። ይኸው ዘርግቼዋለሁ።

ደምሰው፦ ፊደል የቆጠርሽው አንቺ፤ እኔ ላንብብልሽ?

የሺመቤት፦ ስምንተኛ ክፍል ደርሰሃል። አንብብልኝ።

ደምሰው፦ መነጽሬን ረሳሁት እኮ ነው የምልሽ። «የሺመቤት» ነው የሚለው። ሌላ ምን ይላል?

የሺመቤት፦ «አራጋው እና ወንድሞቹ» ነው የሚለው።

ደምሰው፦ የምን አራጋው? መነጽሬን ስላልያዝኩ ነው እንጂ።

የሺመቤት፦ ፊደሉ የእጄን መዳፍ ያክላል አባዬ። መነጽር አይፈልግም።

ደምሰው፦ ጽሑፍ ሠሪው ነው! ያ ቀዥቃዣ ከሰው ጋር አቀያይሮብኝ ነው! ጠቅልሎ ነው የሰጠኝ፤ እኔ መቼ ፈታሁት?

የሺመቤት፦ ጠዋት ለእማዬ ዘርግተህ ስታሳያት ከጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ። እንዴት ያምራል ስትል ሰምቻለሁ። እሷ ፊደል አታውቅም፣ አንተ ደግሞ… ሁለታችሁ የአራጋውን ወንድሞች ስታደንቁ ነበራ።

ደምሰው፦ ነገር አታክብጂው።

የሺመቤት፦ ስንገባ በሩ ላይ ለዘበኛው ጤና ይስጥልኝ አልክ።

ደምሰው፦ እና? ሰላምታ ነውር ሆነ?

የሺመቤት፦ ዘበኛው አልነበረም። ካፖርቱን ወንበሩ ላይ ጥሎ ሄዷል። አንተ ባርኔጣህን አንስተህ ካፖርቱን እጅ ነሳኸው። ቀልድህ መስሎኝ ሳቅሁ። ያ ለአቧራ ነው የምትለው የዓይን ጠብታስ? ኩዌትም አቧራ አለ፤ ማንም በቀን ሦስት ጊዜ አያንጠባጥብም።

ደምሰው፦ ጨርሰሻል?

የሺመቤት፦ አልጨረስኩም። ሐጂ ሰዒድ መኪናውን ስለሸጠ ሥራ ፈታሁ ብለኸኛል። ሰማያዊዋን መኪናህን ትናንት ሜዳው ላይ አየኋት። ሌላ ሾፌር ይዟታል። ልጅህ መሆኔን ሲያውቅ ምን ብሎ ጠየቀኝ መሰለህ? «ዓይኑን እንዴት አደረገው?» አለኝ። ምን እንደሚል አልገባኝም ነበር። አሁን ገባኝ።

ደምሰው፦ …ሐጂ አልሸጣትም። ቁልፉን ነው የተቀበለኝ።

የሺመቤት፦ መቼ?

ደምሰው፦ ግንቦት ላይ። ሐጂን ክፉ እንዳታስቢው። እያለቀሰ ነው የተቀበለኝ፤ ትልቅ ሰውዬ።

የሺመቤት፦ ምን ሆነህ ነው?

ደምሰው፦ ሎግያን አልፌ ነበር። ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ጭነቴ ሙሉ ነው። አንዲት ሴትዮ ጄሪካን ይዛ አስፋልቱን ታቋርጣለች።

የሺመቤት፦ መታሃት?

ደምሰው፦ ጄሪካኗን ጥላ ዘለለች። የመታሁት ጄሪካኑን ነው። ውሃው መስተዋቱ ላይ ሲረጭ ደም መሰለኝ፤ ፍሬኑን ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩ።

የሺመቤት፦ ስትገባ አላየሃትም?

ደምሰው፦ ስትጮህ ሰማኋት እንጂ አላየኋትም። መንገዱ ባዶ ነበር የሺ። በእናትሽ ሞት፣ ለኔ መንገዱ ባዶ ነበር። ወርጄ ጠርዙ ላይ ዘፍ አልኩ። እሷው ናት መጥታ አይዞህ ያለችኝ። ውሃዋን ደፍቼባት፣ ልገድላት ነበር፣ እሷ አይዞህ ትለኛለች።

የሺመቤት፦ ሐኪሙስ?

ደምሰው፦ ደሴ ሄጄ ታየሁ። ሞራ ቢሆን ይገፈፍ ነበር፤ ይሄ ነርቩ ነው አለኝ። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን አለኝ።

የሺመቤት፦ ለኔ በየሳምንቱ ትደውል ነበር። ሁሉም ደህና ነው ትለኝ ነበር።

ደምሰው፦ ምን ልበልሽ? አንቺስ በሩ አይቆለፍም ብለሽኝ ታውቂያለሽ?

የሺመቤት፦ …አላውቅም።

ደምሰው፦ በይ እንግዲህ።

የሺመቤት፦ ግን ይህን እያወቅህ መኪና? እንዴት አስችሎህ?

ደምሰው፦ የሰው መኪና ሲሆን ቁልፍ አምጣ ይሉሻል። አንድ ቀን ጠዋት፣ በአንድ ቃል። የራሴ ከሆነች ማን ውረድ ይለኛል ብዬ ነው። ሚሌ ድረስ ያለውን መታጠፊያ ሁሉ በልቤ አውቀዋለሁ።

የሺመቤት፦ መንገዱን ታውቀዋለህ። ሴትዮዋን አታውቃትም። ሁለተኛዋ ላትዘል ትችላለች አባዬ።

ደምሰው፦ ሾፌር እቀጥራለሁ።

የሺመቤት፦ ምን ሊሠራልህ? አሥራ ስምንት ቀን ሊተኛልህ?

ደምሰው፦ ጎኑ እቀመጣለሁ። ባትሠራስ? ደጃችን ትቁም። ጠዋት ጠዋት ወጥቼ ሞተሯን አስነሳለሁ፣ ትንሽ ጋቢናዋ ውስጥ እቀመጣለሁ። መሪ ካልያዝኩ እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም፤ አልደብቅሽም። ከግንቦት ጀምሮ እጄ ሥራ ፈትቷል። ምግብ እንኳ ስበላ የኔ አይመስለኝም።

የሺመቤት፦ ያሳዝነኛል። እውነቴን ነው፣ በጣም ያሳዝነኛል። ግን ለዚህ ነው ሰባት ዓመቴ የሚሄደው? ጠዋት ጠዋት ለሚነሳ ሞተር?

ደምሰው፦ …ማነው የሚመጣው? እግር ሰማሁ።

የሺመቤት፦ ሰውዬው ነው። ወረቀቱን ይዟል፤ እስክሪብቶውን ከሩቁ ከፍቶታል።

ደምሰው፦ ፊቱ እንዴት ነው?

የሺመቤት፦ ይስቃል። ሳቁ ግን የተጨነቀ ሰው ሳቅ ነው። እሱም እንደኔ ሳይተኛ ያደረ ይመስላል። ደግሞ የቀነሰልን ነገር አለ መሰለኝ፤ ጣቱን እያሳየን ነው።

ደምሰው፦ ምስኪን። ጥሩ መኪና ናት እኮ። በጥሩ ዘመን ቢሆን ፊት የሚነሳት ሰው አይገኝም ነበር።

የሺመቤት፦ ስማኝ፤ አልነጥቅህም። ገንዘቡ በስምህ ነው፣ ባንኩም የሚያውቀው አንተን ነው። ከፈረምክ ፈርመሃል፤ ሰው ፊት አልጮህብህም። ግን መፈረሚያው መስመር የት ጋ እንደሆነ የማሳይህ እኔ አይደለሁም። እሱን ከኔ አትጠብቅ።

ደምሰው፦ እሱ ያሳየኛል።

የሺመቤት፦ ያሳይሃል። ጣትህን ይዞ ያስቀምጥልሃል። ለምን እንደሆነ ግን ይጠይቅሃል።

ደምሰው፦ …ያቺ ሴትዮ አባቴ ነው ያለችኝ፤ ነግሬሻለሁ?

የሺመቤት፦ አልነገርከኝም።

ደምሰው፦ ስትዘል። ሌላ ሰው ቢሆን ይሰድበኝ ነበር፤ እሷ «አባቴ!» ብላ ነው የጮኸችው። ድምፅዋ ያንቺ ነበር የመሰለኝ። አሁንም ስተኛ ያንቺ ነው የሚመስለኝ።

የሺመቤት፦ ይኸው ደረሰ አባዬ። እስክሪብቶውን ለኔ ሰጠኝ። ምን ልበለው? በጉስ ታስሮ እየጠበቀ ነው።

ደምሰው፦ በጉን እንበላዋለን፤ አንቺ ገብተሽ የለ? እስክሪብቶውን መልሺለት፤ ስለ ለስላሳው አመስግኚልኝ። እና እጅሽን ስጪኝ የሺ… በሩ ጋ ስንደርስ፣ ወንበሩ ላይ ያለው ሰውዬው ይሁን ካፖርቱ፣ ቀድመሽ ንገሪኝ።