ጥርሰ በረዶ

ዘቢደርዬ፣ ብይ እንጂ! ወጡ ጨው በዛበት እንዴ? ቀኑስ እንዴት አማረልን! ንፋስ መውጫ ተቀምጦ ዳስ ሳይገነጠል መዋሉ... እኔማ ለልጄ መልስ ከወጡ ይልቅ ሸራው ነበር ያሳሰበኝ።

ብሩክታዊትን አየሻት? ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ አንድ ጥርሷ እንኳ ሳይታይ! አማቾቼ "እንዲህ ያለች ጭምት ልጅ እንዴት አሳደጋችሁ?" እያሉ ሊሞቱ ነው። አባ ተክለ ሃይማኖትም "ትሑት ሙሽራ" ብለው መረቋት። ጭምት... ያች ስትስቅ ጎረቤት የምትቀሰቅስ ልጅ! እኔ ስቆጣ ኖሬ ያቃተኝን፣ እጇ የተባረከ ሰው በአንድ ሌሊት አስተካከለችልኝ።

ስም መጥራት ምን ያደርጋል? ከተማ ሠልጥና መጥታ የውበት ሳሎን የከፈተች ሙያተኛ ናት። ለሠርጉ ብላ ለልጄ የጥርስ ማንጫ ሰጠቻት። "ጥርሰ በረዶ ያደርግሻል" አለቻት። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ፣ ትንሽ ቆይቶ መታጠብ ነበረበት ትላለች። የእኛዋ ግን ለጋስ ናት፣ "ቀብተሽው እደሪ" አለቻት። ሊጥ መስሏት ይሆን? ካላደረ አይቦካም ብላ?

ሠራ ወይ ትይኛለሽ? እንዴታ! ጥርሷ እዚህም እዚያም ነጣ፤ ድዷማ ምኑ ቅጡ! አክስቷ ወስዳ ያስነቀሰቻት፣ ያ ጥቁር የድድ ንቅሳት... ተልጦ ተነሳ። እኔ ሞኟ ንቅሳት አይለቅም ብዬ! ጥርሰ በረዶ ማለቷም እውነቷን ነው። ውሃ ሲነካው በረዶ፣ ጠላ ሲነካው በረዶ፣ ንፋስ ሲገባበት በረዶ። ቃሏን አላጠፈችም።

የሠርጉ ለት ሙሽራው ጌዲዮን ሚስቱን ሲያጎርሳት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሰው ሁሉ "የፍቅር ነው" ብሎ እልል አለ። እኔም አልኩ። ምን ላድርግ? አንጀቴ እያረረ እልል አልኩ። ድዱ ይድናል ተብያለሁ... ጥርሱን ግን እንጃ።

የሚገርምሽ፣ ሙያተኛዋ ራሷ አንድ ቀን አልተቀባችውም። ሁሉን ለሰው! ጥርሷን አይተሽዋል? አጥንቱን እንዴት እንደምትግጠው! ኧረ አትዙሪ፣ አንገትሽ ይቀጫል። ማንንም አላልኩም እኮ። እስቲ እዚያ ጥግ ላለችው እንግዳዬ ቀዝቃዛ ጠላ ጨምሩላት፤ የእሷ ጥርስ ይችለዋል።

እኔ ቂም አላውቅም ዘቢደርዬ። የእሷም ልጅ ደርሳለች፤ ለጥር ልትዳር አይደል? እግዜር ለዚያ ያድርሳት! ያንኑ ማንጫ በገዛ እጇ ቀብታ፣ ልጇን እንደ ልጄ ጭምት አድርጋ ለመዳር ያብቃት። ሰዉም እልል ይበልላት፣ እሷም እንደኔ እልል ትበል።

አሜን በይ እንጂ... ጮክ በይ፣ ጥግ ድረስ ይሰማ።