ቴፑ ላይ ያለችው ማንዶሊን

(አዲስ አበባ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ የካቲት 1970፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ በሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኙ በጋሽ ክንፈ ሱቅ ውስጥ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ጓድ አስናቀ ያመጡት ቴፕ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ በር ላይ የጥበቃ ጓዶች ያሉበት ላንድሮቨር ቆሟል።)

አስናቀ — እንደገና ላጫውትልዎ?

ክንፈ — ሦስት ጊዜ ሰማሁት እኮ። አንድ ልጅ ግጥም ያነባል፣ ከኋላው ክር ይመታል። ሌላ ምን አለው?

አስናቀ — ግጥሙ መንግሥትን እንደሚሳደብ ሰምተዋል። ቴፑ በሦስት ትምህርት ቤት ዞሯል። የአንባቢው ጉዳይ አልቋል።

ክንፈ — አልቋል ማለት?

አስናቀ — አልቋል ማለት አልቋል። ስም ሳይነግረን ነው ያለቀው። አሁን የቀረን ክራር መቺው ነው።

ክንፈ — ክራር? ይኼን ክራር ነው ያለዎት ማነው?

አስናቀ — ጓዶቹ ሁሉ።

ክንፈ — ጓዶቹ ጆሯቸውን ይታጠቡ። ክራር መቼ እንዲህ ይርገፈገፋል? ስምንት ክር ናት፣ ሁለት ሁለቱ ተጣምረው በመምቻ ነው የሚመቱት። ማንዶሊን እኮ ናት።

አስናቀ — እግዜር ይስጥልኝ።

ክንፈ — እናንተ ዘንድ እግዜር አሁንም ይጠራል?

አስናቀ — አመል ነው። ይልቅ ጋሽ ክንፈ፣ ሦስት ጊዜ አስደምጬዎ “አላወቅኩም” ሲሉኝ ነበር። ክራር ስልዎ ግን አላስቻለዎትም። ባለሙያ ሲያርም እንጂ ሲጠየቅ አይናገርም።

ክንፈ — አውቀው ነው ክራር ያሉት?

አስናቀ — አባቴ እብናት ውስጥ ማሲንቆ መቺ ነበር። ክራርና ማንዶሊን ሳልለይ አላደግኩም።

ክንፈ — ይኼን አላውቅም ነበር። ዘር ከልጓም ይስባል ይላሉ።

አስናቀ — እኔን አልሳበኝም። በየሠርጉ እጁን ዘርግቶ ሲያሞግስ እያየሁ ነው ያደግኩት። አሁን ማንዶሊን ከሆነች፣ በዚህ ከተማ ማንዶሊን የሚጠግንም የሚያስተምርም አንድ ሰው ነው። እሱም እዚህ ተቀምጧል። ማን ነው የሚመታት?

ክንፈ — የዚህ አገር ሰው አይደለም።

አስናቀ — እ?

ክንፈ — ሸክላ ነው። ልጁ የአሜሪካን ሸክላ ከፍቶ ግጥሙን ከላይ አንብቦበታል። ከሞተው አንባቢ በቀር የሚያዝ ሰው የለበትም።

አስናቀ — ማንዶሊን የጣሊያን መስሎኝ።

ክንፈ — ነበረች። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው። ጊዜ ካለዎት ልንገርዎ።

አስናቀ — እኔ ጊዜ አለኝ። መኪና ውስጥ ያሉት ናቸው የሌላቸው።

ክንፈ — ድሀ ጣሊያን በመርከብ አሜሪካ ሲገባ ማንዶሊኑን በብብቱ ይዞ ገባ። ያቺ ጀርባዋ እንደ ቅል የጎበጠች ናት። ድምጿ ቀጭን ነው፣ አልቃሻ። አንድ ዜማ ለማስረዘም ክሩን ሳያቋርጡ ያንቀጠቅጡታል። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩም፣ ጸሐፊውም፣ የባለሱቅ ሚስትም ያዟት። ሃምሳ ስልሳ ሰው በወንበር ተደርድሮ፣ ትንሿን ከትልቋ፣ ቀጭኗን ከወፍራሟ አድርጎ የሚመታበት ጊዜ ነበር።

አስናቀ — ሃምሳ ሰው ለአንድ ዘፈን? ሠራዊት ነው እንጂ።

ክንፈ — ፋሽን ነዋ። ፋሽን ደግሞ ያልፋል። እሱ ሲያልፍ መሣሪያዋ ርካሽ ሆነችና ድሀ እጅ ገባች። በአሜሪካ በደቡቡ ክፍል ጥቁሮቹ ያዟት። እነሱ ዘንድ ደግሞ አታለቅስም፤ ታጉረመርማለች። ክሩን ገፋ አድርገው ድምፁን ያጣምሙታል። የሰከረ ሰው ሲስቅ ነው የሚመስልዎ።

አስናቀ — ይኼን ሁሉ ማን ነገረዎት?

ክንፈ — አስመራ በአሜሪካኖቹ የሬዲዮ ጣቢያ ቅጥር ግቢ ውስጥ አናጢ ነበርኩ። አንድ ቀይ ሳጅን ነበር፣ የተራራ አገር ሰው። ሸክላ አሰማኝ፣ መሣሪያውን አስያዘኝ። የሱ አገር ሰዎች ደግሞ ሌላ ናቸው። ከበሮ ሳይኖራቸው ዳንስ ያስጨፍራሉ።

አስናቀ — በምን?

ክንፈ — በእሷው ነዋ። ቀኝ እጅ ይመታል፣ ግራ እጅ ወዲያው ክሩን ለቀቅ ያደርግና ድምፁን እዚያው ያፍነዋል። ጭ፣ ጭ፣ ጭ ትላለች። ከበሮም ማንዶሊንም ሆነች ማለት ነው። ለዚህ ደግሞ የቅሏ ዓይነት አትሆንም። ጀርባዋ ጠፍጣፋ፣ ሆዷ እንደ ቫዮሊን ተቀርጾ ሁለት ቀዳዳ ያላት ናት የምትሆነው።

አስናቀ — እሷንስ አውቃታለሁ። ቤቴ ነበረች።

ክንፈ — እርስዎ ቤት?

አስናቀ — ለልጄ ለፍሬሕይወት አሜሪካዊው አስተማሪዋ አገሩ ሲገባ ትቶላት ሄደ። አቆየናት። ኋላ በስብሰባ ላይ አንድ ጓድ ተነሥቶ “የአንዳንዶቻችን ቤት አሁንም የኢምፔሪያሊስት ዘፈን ያሰማል” አለ። ዓይኑ እኔ ላይ ነበር። ቤቴ ገብቼ ልጄ ፊት በቡትስ ጫማዬ ረገጥኳት።

ክንፈ — ልጅዎ ምን አለች?

አስናቀ — ሁለት ሳምንት ከእኔ ጋር ማዕድ አልቀረበችም።

ክንፈ — ስብርባሪውስ?

አስናቀ — እናቷ ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ምን ያደርግልዎታል?

ክንፈ — እንጨቱ ጥሩ ነው። ለጥገና ይሆነኝ ነበር።

አስናቀ — ይህን የምነግርዎ ቤቴን ያልማርኩ ሰው መሆኔን እንዲያውቁት ነው። አሁን ቴፑን ላዙር። እዚህ ጋ። ይሰማሉ?

ክንፈ — እሰማለሁ።

አስናቀ — ጭ፣ ጭ፣ ጭ። እርስዎ ያሉት አፈና ነው።

ክንፈ — አላልኩዎትም? የተራራው ሸክላ ነው።

አስናቀ — ይቀጥላል። ይስሙት። ይኼኛው ምን ቅኝት ነው?

ክንፈ — በዚህ ቴፕ በደንብ አይለይም።

አስናቀ — ጋሽ ክንፈ፣ የአዝማሪ ልጅ ነኝ አልኩዎት።

ክንፈ — አንቺ ሆዬ ነው።

አስናቀ — የሳጅኑ አገር ሰው አንቺ ሆዬን ከማን ተማረው? እኔ ልንገርዎ። አፈናውን ከሳጅኑ የተማረ አንድ አበሻ አለ። ያ አበሻ ለአንድ ሰው አስተምሯል። የዚያን ሰው ስም ነው የምፈልገው።

ክንፈ — ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው መቼም። እንግዲያው ልንገርዎ። እኔ ነኝ።

አስናቀ — ምኑን?

ክንፈ — ቴፑ ላይ ያለሁት። ልጁ መጣ፣ ምታልኝ አለኝ፣ መታሁለት። ግጥሙን አልሰማሁትም። ሽማግሌ ነኝ፣ ይውሰዱኝና ይለቅ።

አስናቀ — ግራ እጅዎን ይጨብጡ።

ክንፈ — ለምን?

አስናቀ — ባለፈው መስከረም በሰልፉ ላይ ሁሉም ሰው ግራ እጁን ጨብጦ ሲያነሣ ያላነሡት እርስዎ ብቻ ነበሩ። ኋላ መጥተው ይቅርታ የጠየቁት ማንን ነው?

ክንፈ — እርስዎን።

አስናቀ — ምን አሉኝ?

ክንፈ — ቁርጥማት ነው፣ ጣቶቼ አይታጠፉም።

አስናቀ — ቴፑ የተቀዳው በጥር ነው። አፈናው ደግሞ በግራ እጅ ነው፤ አሁን ራስዎ ነግረውኛል። ለማን ነው እንዲህ የሚሞቱለት?

ክንፈ — ጓድ አስናቀ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ይኼን ነገር እዚህ ላይ ይተዉት። አንባቢውን አግኝታችኋል። “መቺው አልታወቀም” ብለው ይጻፉ። ጉድጓድ ሲምሱ አያርቁት፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም።

አስናቀ — እያስፈራሩኝ ነው?

ክንፈ — እኔ? እኔ የምፈራ ሰው ነኝ። አይበጅም ነው የምልዎ።

አስናቀ — ለማን ነው የማይበጀው?

ክንፈ — ለሁላችንም።

አስናቀ — እሺ፣ አንድ የመጨረሻ ነገር። ወፍራሙ ክር በተመታ ቁጥር ከሥሩ ዝንብ የገባበት ጣሳ ዓይነት ድምፅ አለ። ምንድን ነው?

ክንፈ — ቴፑ ነው። አሮጌ ካሴት ነው።

አስናቀ — ካሴቱ ቢሆን የልጁንም ድምፅ ያነዝረው ነበር። የልጁ ድምፅ ጥርት ያለ ነው።

ክንፈ — ምን ዓይነት ጆሮ ነው ያለዎት። አባትዎን በደሏቸው፤ ማሲንቆውን መያዝ ነበረብዎ።

አስናቀ — ይመልሱልኝ።

ክንፈ — ሆዷ ተሰንጥቆ የተጣበቀ ማንዶሊን እንዲህ ይላል። ምንም ቢጠነቀቁ ስንጥቁ ውስጥ ትቀራለች ያቺ ድምፅ።

አስናቀ — ማን ነው ያጣበቀው?

ክንፈ — ሙጫ ያለው ሁሉ ያጣብቃል።

አስናቀ — ስማኝ፣ ሽማግሌ። ሰባት የማንዶሊን ተማሪዎች አሉህ። ስማቸውም ቤታቸውም እጄ ላይ ነው። አሁን ካልነገርከኝ ዛሬ ሳይመሽ ሰባቱም ላንድሮቨሩ ላይ ናቸው። አንዱ ገና አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ከሰባቱ ስድስቱ ምንም እንደማያውቁ እኔም አውቃለሁ። እዚያ ከገቡ በኋላ ግን ማን ይለያቸዋል?

ክንፈ — ሰባቱም አይደሉም። በእናቴ አፅም፣ ሰባቱም አይደሉም።

አስናቀ — ስለዚህ ስምንተኛ አለ ማለት ነው።

ክንፈ — አለች።

አስናቀ — ሴት ናት?

ክንፈ — ሴት ናት።

አስናቀ — ይኸው ወረቀት፣ ይኸው እስክሪብቶ። ስም ከነአባት ይጻፉ። በዘጠኝ ሰዓት ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል። የማንም ልጅ ትሁን የማን፣ “እኔ ራሴ ይዤ አስረክባታለሁ” ብዬ ጓዶቹ ፊት ቃሌን ሰጥቻለሁ።

ክንፈ — ቃልዎን ሰጥተዋል?

አስናቀ — ትናንት፣ ቆሜ፣ በጭብጨባ።

ክንፈ — እንግዲያው በሩን ይዝጉት።

አስናቀ — ለምን?

ክንፈ — መኪና ውስጥ ያሉት ስለሚሰሙ። ይዝጉት ግድ የለም፤ እኔ የትም አልሮጥም።

አስናቀ — ዘጋሁት። ይናገሩ።

ክንፈ — ባለፈው ዓመት በሚያዝያ አንዲት ሴትዮ በጆንያ ከሰል አስመስላ ስብርባሪ ይዛልኝ መጣች። አንገቷ ለሁለት ተከፍሏል፣ ሆዷ ተሰንጥቋል፣ ጀርባዋ ላይ የጫማ ጥርስ ታትሞ ነበር። “ልጄ እህል አልበላ አለች፤ ይቺን ካላዳንክልኝ ልጄን አጣታለሁ” አለችኝ። ለሃያ ቀን በሙጫ ስለቅማት ከረምኩ። ክር ጠፍቶ ስለነበር አንዱን ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ አወጣሁላት። ስንጥቋ ግን አልጠፋ አለ።

አስናቀ — የጫማ ጥርስ?

ክንፈ — የቡትስ።

አስናቀ — ቡትስ ብዙ ሰው ያደርጋል።

ክንፈ — ብዙ ሰው ያደርጋል። ልጅቷ በየቅዳሜው ትመጣ ነበር፣ ከወጣት ማኅበሩ ስብሰባ በፊት። አፈናውን በሦስት ቀን ያዘችው። አንቺ ሆዬን ግን እኔ አላስተማርኳትም። ከየት አመጣሽው ብላት፣ “አያቴ ማሲንቆ መቺ ነበር ይላሉ” አለችኝ። የማን ዘር እንደሆነች ዛሬ ነው የገባኝ።

አስናቀ — ሚስቴ አሰገደች ምድጃ ውስጥ ከትታታለች። ራሷ ነግራኛለች።

ክንፈ — አመዷን አይተዋል? ሦስት ጊዜ ዋሸሁልዎ ጓድ አስናቀ። አሜሪካን ነው አልኩ፣ እኔ ነኝ አልኩ፣ ካሴቱ ነው አልኩ። አንዱን ዝም ብለው ቢቀበሉኝ ምን ነበረበት?

አስናቀ — ግጥሙን አላወቀችውም። ለጓደኛዋ ነው የመታችው። ልጅ ናት እኮ፣ ልጅ ናት። ምን ታውቃለች?

ክንፈ — ሰባቱም ልጆች ናቸው።

አስናቀ — ቆዩ፣ አንድ ጊዜ። በሩን አታንኳኩ እናንተ፣ እየመጣሁ ነው! … ጋሽ ክንፈ፣ እባክዎ። ምን ብዬ ልውጣ?

ክንፈ — ወረቀቱ ይኸው፣ እስክሪብቶዎም ይኸው። ስም ከነአባት ብለውኛል፤ የሷን እኔ እጽፋለሁ፣ የአባቷን እርስዎ ይጻፉት።