የሰር ሩፐርት ፉጨትና የቀኝ እጅጌው

የምስክሩ ስም፦ ጆብ ትሪንደር
ዕድሜ፦ 71 (ምስክሩ «ባል ለምትፈልግ ሴት ግን 60 ብለህ ጻፍ» ብለዋል)
ሥራ፦ የላንተርን ቴአትር የጓሮ በር ጠባቂ
አድራሻ፦ ለንደን፣ ላምቤዝ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1883

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ወይዘሮ ኦገስታ ቬርኒ ባላቸውን ሰር ሩፐርትን ሆን ብለው ጎድተዋል ስለመባሉ ተጠይቄ የማውቀውን እናገራለሁ።

ወይዘሮ ኦገስታን ተዋናይት ከመሆናቸው በፊት አውቃቸዋለሁ፤ ለንደን ውስጥ የማያውቃቸው የለም። ፎቶግራፋቸው በየሱቁ መስኮት ይሸጥ ነበር። መናፈሻ ሲወጡ የተከበሩ ሴቶች ሳይቀሩ ወንበር ላይ ቆመው ያዩዋቸው ነበር። ይህን ቃል የሚጽፈው ኮንስታብል ፎቶውን ገዝቶ እንደሆነ ብጠይቀው «ጠያቂው እኔ ነኝ፣ አባባ» ተብያለሁ። ባላቸውን ጥለው እኛ ዘንድ ከገቡ ወዲህ ግን መውጫ አጥተዋል። በፊት በር የሚያፈጥ ሕዝብ፣ በጓሮ በር የባላቸው አሽከሮች ይጠብቋቸዋል። በዚህ የተነሳ ብዙ ጊዜ እዚያው ልብስ መቀየሪያ ክፍላቸው ውስጥ ያድራሉ።

ዛሬ ረፋድ አምስት ሰዓት ገደማ ልምምድ ላይ ሳሉ ሰር ሩፐርት በእኔ በር መጡ። «ጌታዬ፣ ትዕይንቱ ማታ ነው» ብላቸው «ሚስቴን ለማየት ትኬት አልቆርጥም፣ ሽማግሌ» ብለው ገፍትረውኝ መድረኩ ላይ ወጡ። ተከተልኋቸው።

«ኦገስታ፣ ካፖርትሽን ልበሺ። ወደ ቤት» አሉ።

«አልመጣም» አሉ ወይዘሮዋ።

«ሕጉ ከማን ጋር እንደሆነ ጠበቃሽ አልነገረሽም?»

«ነግሮኛል። እሱም ፎቶግራፌ ላይ አስፈርሞኝ ሄደ።»

ሰር ሩፐርት አሽከሮቻቸውን ለመጥራት ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። በእኛ ቤት መድረክ ላይ ማንም አያፏጭም። ከመድረኩ ጀርባ የሚታዩትን ሥዕል ያለባቸውን ሸራዎች ከጣሪያ በገመድ የሚያወርዱት ኔድ ሃስከርና ጓደኞቹ የቀድሞ መርከበኞች ናቸው፤ ከላይ ሆነው ታች ያለውን ስለማያዩ የሚታዘዙት በፉጨት ነው። አንድ ረጅም ፉጨት ማለት «ልቀቁት» ማለት ነው።

ወይዘሮዋ «ሩፐርት፣ እዚህ አይፏጭም!» ብለው ጮኹ። ሰውየው ሳቁ። «ደግሞ ማፏጨት ልትከለክይኝ?» አሉና አፏጩ፤ ረጅም አድርገው።

ተራራ የተሳለበት ሸራ ከታች ከታሰረበት ወፍራም እንጨት ጋር ከጣሪያ ወረደ። በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ኦገስታ የባላቸውን ቀኝ እጅጌ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ራሳቸው ሲስቡ አይቻለሁ። እጅጌው ከትከሻው ተገንጥሎ እጃቸው ላይ ቀረ። እንጨቱ የሰውየውን ራስ ስቶ ግራ እግራቸውን ሰበረ። ሰር ሩፐርት «ገፋችኝ» ይላሉ። እኔ ሦስት ሚስት ያገባሁ ሰው ነኝ፣ ስንት ጊዜ ተገፍቻለሁ፤ የገፋ ሰው እጅ ላይ እጅጌ አይቀርም። እጅጌውን ለማስረጃ አቅርቤያለሁ።

ሰር ሩፐርት እንደወደቁ «ዛሬውኑ ቤት ከገባሽና ካስታመምሽኝ ፖሊስ አልጠራም። እምቢ ካልሽ ግን ልትገድለኝ ነበር እላለሁ» አሏቸው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ወይዘሮዋ ወደ እኔ ዞረው «ጆብ፣ ሂድና ፖሊስ ጥራልኝ» አሉኝ።

«እመቤቴ፣ ቀልድ የእኔ ሥራ ነው። እስር ቤት ይቆልፉብዎታል እኮ» አልኋቸው።

«ይቆልፉ። የዚያኛውን ቤት ቁልፍ የሚይዘው ባሌ አይደለም።»

ሄጄ የጠራሁት እኔ ነኝ።

ከዚህ በላይ የሰፈረው ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። ስለ ሚስቶቼ ያልሁት ይሰረዝ ቢባል አልቃወምም፤ ስለ እጅጌው ያልሁትን ግን ማንም ቢያስፈራራኝ አልለውጥም። እውነት ስለሆነ በእጄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ጆብ ትሪንደር
ቃሉን የተቀበለው፦ ኮንስታብል ዊልፍሬድ ኦክስሊ