ከማንኩሳ በኩል የመጣው ነፋስ

አሠሪዬ ፖስት ካርድ አሳታሚ ነበር። ያመጣሁለትን ፎቶ ሁሉ «ሰዎቹ የሚያዩት ሥራቸውን ሳይሆን አንተን ነው» እያለ ይመልስብኛል። በመጨረሻ «አሁንም እንዲህ ያለ ካመጣህ ካሜራዬን ትመልሳለህ» ብሎ ወደ ፍኖተ ሰላም ላከኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ አውድማ ላይ ሰዎች አገኘሁ፤ ጤፋቸውን አበራይተው ገለባውን የሚለይላቸውን ነፋስ ይጠብቃሉ። ፎቶ ላነሳችሁ ነው ብላቸው፣ ወደየቤታቸው እብስ! የክት ልብሳቸውን ለብሰው ተመለሱና፣ የአውድማው ባለቤት አያ ታረቀኝ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ፣ እንደ ችካል ተገተሩ። «አያ፣ እባክዎ ሥራዎን ይሥሩ» ብላቸው፣ «በክት ልብስ ማን ገለባ ያቦናል? አንሳን ስንልህ አንሳ!» አሉኝ። አነሳሁ፣ አነሳሁ፤ ሁሉም ችካል። ፊልሜ ሊያልቅ አንድ ቀረው።

ይሄኔ ነፋሱ መጣ። አያ ታረቀኝ «መንሻችሁን አንሱ!» ብለው ጮኹ። የክት ልብሱም እኔም ተረሳን። እህሉ ወደ ላይ ሲበተን፣ ጋቢው ሲውለበለብ፣ ገለባው እንደ ጭስ ሲሳብ፣ ቀጭ! አሠሪዬ ፎቶውን እንዳየ ማተሚያ ቤት ይዞት ሄደ። ፖስት ካርዱን ይዤ ወደ አውድማው ስመለስ፣ አያ ታረቀኝ ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፍኖታላ! ካርዱን አገላብጠው ሲያዩ ቆዩና አንገታቸውን ወደ ጎረቤት ከተማ ወደሚወስደው መንገድ መለስ አድርገው፣ «ይሄማ ያ ከማንኩሳ በኩል የመጣው ነፋስ ነው!» አሉ።

አያችሁልኝ? ነፋስ ፎቶ አንስቼ፣ ከየት እንደመጣ አወቁልኝ!