የአየርላንዷ ነርስ ሻይ

እንደዚያን ቀን ያለ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም። በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ደብረ ብርሃን አብራኝ የምትሠራ አየርላንዳዊት ነርስ ነበረች። የጥቅምት ብርድ ሲገባ ዘቢብ ያለበት ዳቦ ጋግራ፣ እኔንና ጎረቤቷን እማማ የሺን ሻይ ጠራችን። ለሁላችንም ከቀዳች በኋላ አንድ ስኒ ሞልታ ባዶ ወንበር ፊት አስቀመጠች።

«የሚመጣ እንግዳ አለ?» አሉ እማማ የሺ።

«የእናቴ ነው» አለች። «በአገሬ በዚህ ወቅት ለሞቱብን እንቀዳለን። እሷ ሐምሌ ላይ ዐረፈች።»

በየቀኑ አብሬያት ስውል ምንም አልነገረችኝም። እማማ የሺ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተነሡ።

«እናትሽ ሞታ ለብቻሽ ከረምሽ? እኛ ጎረቤትሽ አይደለንም?» ብለው አቀፏት።

ያን ጊዜ አለቀሰች፤ እኛም አለቀስን። በማግስቱ የሰፈሩ ሴቶች ንፍሮ ይዘው ለቅሶ ሊደርሷት መጡ።