በማቴይ ሆሉብ ገበታ ላይ ስለሆነው ነገር የተሰጠ ቃል

የምስክሩ ስም፦ ዘሊግ ክሊንገር
ዕድሜ፦ 52
ሥራ፦ ኮርቻ ሰፊ
የጋብቻ ሁኔታ፦ ሚስቱ የሞተችበት
አድራሻ፦ ባንስካ ቢስትሪሳ፣ የታችኛው መንገድ፣ የቤት ቁጥር 11
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኦገስት 21 ቀን 1945
ጉዳዩ፦ ማቴይ ሆሉብ ሸሽገው የነበሩትን አይሁዶች ለጀርመኖች ጠቁመዋል በሚል የቀረበ ክስ

ስለ ተከሳሹ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ በፈቃዴ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ።

ባለፈው ዓመት በኦክቶበር 28 ቀን፣ ጀርመኖች ከተማችንን በያዙ ማግስት፣ ከባለቤቴ ከጊዜላና ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጃችን ከኖኤሚ ጋር በእግር ወደ ተራራው ወጣን። ሁለት ቤት አንኳኩተን በር አልተከፈተልንም። በሦስተኛው ቀን ማለዳ ገበሬው ማቴይ ሆሉብ አጥሩ ሥር አገኘን፤ ምንም ሳይጠይቅ ድርቆሽ የሚያከማችበት ቆጥ ላይ አወጣን። የክርስቲያን ስም ያለበት የሐሰት ወረቀት ይዘን ስለነበር፣ ማቴይ ለጠየቀው ሁሉ "ጦርነቱን ሸሽተው ከምሥራቅ የመጡ የሚስቴ ዘመዶች ናቸው" ይል ነበር። ምሳ ከቤተሰቡ ጋር እንበላ ነበር።

በእኛ ሥርዓት እጅ ለዳቦ ከታጠበ በኋላ፣ ዳቦው ተባርኮ እስኪቀመስ ድረስ ከአፍ ቃል አይወጣም። ጊዜላ ይህን ተው እያለች ታስጠነቅቀኝ ነበር። "እዚህ ቤት ፓቬል ነህ። ፓቬል እጁን የሚታጠበው ለፋሲካ ብቻ ነው" ብላ ቀልዳብኛለች፤ ፓቬል በሐሰት ወረቀቴ ላይ የተጻፈው ስም ነው።

በኖቬምበር 14 ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ፣ በኩባያ ውኃ ሁለት ጊዜ ቀኝ እጄን፣ ሁለት ጊዜ ግራ እጄን ታጥቤ ወደ ገበታው ስቀርብ፣ ድርቆሽ ሊወስዱ የመጡ፣ ለጀርመኖች ያደሩ ሁለት የአገራችን ሚሊሻዎች ገቡ። ከሁለቱ ወጣቱ ከፊቴ ተቀመጠና "አንተ ሽማግሌ፣ ከየት ነህ?" አለኝ። አልመለስኩም። "አፍህ ተለጎመ እንዴ?" አለ። ጊዜላ ሳቅ ብላ "ተወው ልጄ፣ ከተጋባን ጀምሮ እንዲሁ ነው። መልስ የፈለገ እኔን ነው የሚጠይቀው" አለችው። ማቴይም "እሷ ካለች ማን ተራ ያገኛል!" ብሎ አገዘን። ወጣቱ ግን ውኃ የሚንጠባጠቡትን እጆቼን ቆይቶ ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ግድ የለም፣ መጀመሪያ ዳቦህን ቅመስ፤ ከዚያ ትነግረኛለህ" አለኝ። ይህን የሚያውቅ ከእኛ ሰዎች ጋር ተጎራብቶ ያደገ ብቻ ነው። ድርቆሹን ጭነው ሄዱ።

ጊዜላ "አሁኑኑ እንውጣ" አለች። እኔ ልጁ ሲቀልድ ነው ብዬ አሳደርኳት። በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ እኔና ኖኤሚ ከማቴይ ጋር እንጨት ልናመጣ ጫካ ሳለን፣ ያው ወጣት ጀርመኖችን መርቶ መጥቶ ጊዜላን መውሰዳቸውን የማቴይ ሚስት ነገረችን። የተቀበረችበትን ያገኘሁት በኤፕሪል ነው።

ጎረቤቶች እንዳሉት፣ ማቴይ በኖቬምበር 14 ምሽት መንደር ወርዶ ጨው ይዞ መመለሱ እውነት ነው። ጨው እንዳለቀ የነገረችው ጊዜላ ናት። መንደር ውስጥ ከማን ጋር እንደተነጋገረ አላየሁም፤ ያላየሁትን አልናገርም። ከዚያ በኋላ ግን እኔንና ልጄን ጫካ ውስጥ በቆፈረው ጉድጓድ ደብቆ እስከ ማርች መጨረሻ በረዶ እየረገጠ ምግብ አመላልሶልናል።

ነፍስ ለማዳን ሲባል ሥርዓት እንደሚጣስ ከልጅነቴ ተምሬአለሁ። ያን ቀን ለምን እንዳልተናገርኩ ራሴን ብዙ ጠይቄአለሁ። እግዚአብሔርን መፍራት ነው እንዳልል፣ እሱ ይህን አልጠየቀኝም። ልማድ ይሆናል። ኩራትም ይሆናል፤ ሁሉን ወስደውብኝ ይህችን አልሰጥም ያልኩ ይመስለኛል። የከፈለችው ግን ጊዜላ ናት።

ልጄ ዛሬ ጠዋት "አባዬ፣ አንተን ማን ከሰሰህና ነው? እማዬ ብትኖር ዝም በል ትልህ ነበር" ብላኛለች። መርማሪውም የእጅ መታጠቡ ነገር ባይጻፍስ ብለው ጠይቀውኛል። ካልተጻፈ ማቴይ በምን ይፈታል ብዬ መልሻለሁ።

ቃሌ ሲነበብልኝ "ሟች ባልታወቀ ምክንያት ተጠርጥረው" የሚል ሰማሁ። ምክንያቱ ስለሚታወቅ እንዲሰረዝ ጠይቄ ተሰርዟል፤ ከስርዙ ጎን ፈርሜአለሁ። የቀረው በሙሉ እንደተናገርኩት ነው፤ በፈጣሪዬም በተከሳሹም ፊት ብጠየቅ የምደግመው ይህንኑ ነው።

የምስክሩ ፊርማ፦ ዘሊግ ክሊንገር
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ስቴፋን ላዛር