ያልለወጥኩት ጥቁር ሸሚዝ

ዕድሜ ነውና አንዳንዱን አዛብቼ እንዳልነግራችሁ እፈራለሁ። እኛ ከተማ መካነ ሰላም ላይ አንድ በጎ አድራጎት ማኅበር ነጻ የደም ግፊት ምርመራ ሊያደርግ ነበር። ባለቤቴ ግፊቷን አንድ ቀን እንኳ ሳትለካ ነው የሞተችብኝ፤ ስለዚህ የምርመራውን ድረ ገጽ የሚሠራው ወጣት ፎቶ ላንሣዎት ሲለኝ እሺ አልኩ። «ጋሼ፣ ጥቁሩን ሸሚዝ ቢለውጡትስ? ገጹን አጨለሙብኝ እኮ!» ሲል ቀለደ። «ዓመቷ ሳይሞላ?» አልኩት። «ለመሆኑ ይህን ማን ያየዋል?» «ዓለም በሙሉ!» አለኝ። እኔ ዓለም ሲል የጎረቤት ከተሞቹ አቀስታና ወግዲ ነበሩ የታዩኝ።

ጅዳ ለሰው ቤት ሥራ የሄደችው ልጃችን የእናቷን ሞት አልሰማችም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ መጥታ ከዘመድ መሀል እርሟን ታውጣ ብለን፣ በደወለች ቁጥር «እናትሽ ገበያ ናት» ስንላት ከርመናል። ከምርመራው በኋላ ደወለች። «አባባ፣ ፎቶዎን አየሁት። ጥቁሩን ለማን ነው የለበሱት? እማዬን ያገናኙኝ» አለች። «ዛሬስ ገበያ ናት አይሉኝም?» አለችና፣ በሰው አገር ብቻዋን ስታለቅስ ሰማኋት። ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ የልጄን ወሬ አልሰማሁም።